ሰርግና ሠልስት በአንድ እሑድ፦ የአንድ ኮንዶሚኒየም እድር ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ዓርብ ዕለት በግቢያችን አንድ መወጣጫ ላይ ለቅሶ ተቀመጠ። በዚያው መወጣጫ እሑድ ሰርግ ነበር። ሠልስቱም እሑድ ዋለ። እኔ የግቢው እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ የድንኳኑም የዕቃውም ቁልፍ በእጄ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅርብ አይቼዋለሁ። ሁለቱም ቤተሰቦች እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸውን፣ ሰፈሩንና ዓመቱን ትቻለሁ።

የምጽፈው ያለ ጠብ ስላለፈ ብቻ አይደለም። የተሳካው ለምን እንደተሳካ፣ የተበላሸውም የቱ ጋ እንደተበላሸ በግልጽ ስለሚታይ ነው። በጥር ወር እንዲህ ያለው ነገር የማይገጥመው ግቢ ያለ አይመስለኝም።

ዳራ

ግቢው አዲስ አበባ ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ነው። በከተማዋ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዕጣው ሰውን ከየሰፈሩ እያነሳ አንድ ደረጃ ላይ አገናኝቶታል። ከፒያሳ የመጣው ከመርካቶ ከመጣው ጋር ግድግዳ ይጋራል። አብዛኛው ሰው የድሮ ሰፈሩን እድር አልተወም። እዚህም አዲሱ እድር ውስጥ ገብቷል። በወር ሁለት ቦታ የሚከፍለው ብዙ ነው።

ድሮ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ ሳይነጋገሩ ይታወቃል። እዚህ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ልማድ ይዞ ነው የመጣው። ጎረቤት ሲሞት ቴሌቪዥን ለስንት ቀን እንደሚዘጋ እንኳ አንስማማም። አንዱ እስከ ሠልስት ይላል፣ ሌላው እስከ ሰባት ቀን፣ ሌላው ደግሞ ቀብሩ እስኪያልፍ ብቻ።

ቦታውም ጠባብ ነው። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መኪና ማቆሚያው ነው። ከብት ማረጃና ምግብ ማብሰያ እንዲሆን የተሠራ የጋራ ቤት አለን፣ ኮሙናል እንለዋለን። እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጎላ ድስትና ሳህን አለው። ለቅሶ በሌለ ጊዜ ለሰርግና ለክርስትና በትንሽ ኪራይ እንሰጣለን። ለዚያ እሑድ ዕቃው ሁሉ ለሰርጉ ተከራይቶ ነበር።

ሰርጉን ወደ ሌላ እሑድ ማዛወር የማይቻልበት ምክንያት ነበረው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5ም ዘግይቶ አይገባም። የዚያ ዓመቱ ቶሎ የሚገባ ነበር። ከጾሙ በፊት የቀሩት እሑዶች ጥቂት ናቸው፣ አዳራሽም አይገኝም። ሙሽራው የሚኖረው አሜሪካ ነው፣ ፈቃዱም አጭር ነው። ካርድ ተበትኗል። በሬው ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ታስሯል።

ያረፉት ሰው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር፣ ሕመማቸውም የቆየ ነው። ቤታቸው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የሙሽሪት ቤት ደግሞ ሦስተኛ። ሙሽራዋ ከቤቷ ለመውጣት በሐዘንተኞቹ በር ማለፍ አለባት። ሌላ ደረጃ የለም።

ሐሙስ ማታ፦ ከበሮውን ማን ያስቁመው?

አስተማሪው ያረፉት ሐሙስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሆስፒታል ውስጥ ነው። አብሯቸው የነበረው የበኩር ልጃቸው ወዲያው ለእድሩ ዳኛ ደወለ። ባለቤታቸው ቤት ናቸው፣ አልሰሙም። መርዶ በሌሊት ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ንጋት ላይ ነው የሚነገረው። ዳኛው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን ጠሩ። አንደኛው ሙስሊም ናቸው፣ በግቢው የማይሰማቸው የለም። ድንኳኑን ለንጋት ላዘጋጅ እኔም ወረድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከበሮ ይመታል። ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ይዘፍናሉ፣ እልልታው ግቢውን ሞልቶታል።

የጉዳዩ አስቸጋሪ ቦታ እዚህ ነበር። ከበሮው በድንገት ቀጥ ቢል ባለቤትየው ይጠረጥራሉ። ባላቸው ሆስፒታል ነው፣ ጆሯቸው ለእያንዳንዱ ድምፅ ንቁ ነው። ከበሮው እስከ እኩለ ሌሊት ቢቀጥል ደግሞ ነገ «እሱ ሬሳ ሆኖ እነሱ ይጨፍሩ ነበር» መባሉ አይቀርም። ባያውቁም እንኳ ይቆጠርባቸዋል።

ሽማግሌዎቹ የሙሽሪትን አባት ብቻ በስልክ ጠርተው ወደ ታች አስወረዱ። ነገሩት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ «ሰርጉስ?» ብሎ አልጠየቀም። «ለባለቤታቸው ማን ነው የሚነግራቸው?» ነው ያለው። ወደ ላይ ወጣ። የተጀመረው ዘፈን እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ለሴቶቹ «በሉ ይብቃችሁ፣ ነገ ብዙ ሥራ አለ፣ ቅዳሜም ገና አለላችሁ» ብሎ እየሳቀ በተናቸው። ማንም አልጠረጠረም። ለሚስቱ የነገራት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከተደረገው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ቀጥሎ የመጣው በጎ ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ባለቤትየው በኋላ ሲሰሙ «ሌሊቱን እንድተኛ አድርጎኛል» ብለዋል።

ዓርብ፦ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ቀጥሎ ወሬ

መርዶው የተነገረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዘመዶቹ ቀጥሎ በሩ ላይ የደረሱት የሙሽሪት እናትና አባት ናቸው። እናትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የወረደችው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ስለ እሑድ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አባትየው በአውቶቡስ ወደ ቀብር ሄዶ፣ ፍትሐቱ አልቆ ሰው እስኪመለስ ድረስ ቆይቷል። ስልኩ ሲጠራ ውሏል፣ አላነሳም። የሰርግ ሥራ የነበረበት ሰው ነው።

በዚያው ጠዋት ግን አንድ ነገር ተበላሸ። የሙሽሪት ወንድም በግቢው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ለጎረቤታችን ነፍስ ይማር። የእሑዱ ፕሮግራም እንዳለ ነው፣ ሰዓት ይከበር።» ልጁ ክፉ አልነበረም። ስልኩ ላይ «ሰርጉ ቀረ ወይ?» የሚል ጥያቄ እየጎረፈበት ነበር፣ ለሁሉም በአንዴ መመለሱ ነው። የሟች የበኩር ልጅ ግን ያነበበው ወደ ቀብር ሲሄድ መኪና ውስጥ ነው። መልእክቱ ወዲያው ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ፎቶ ተነስቶ ከስልክ ስልክ ዞሯል።

ሽማግሌዎቹ ወደ ሐዘኑ ቤት የገቡት ማታ ነው፣ ከቀብር የመጣው ሰው ጋብ ሲል። ሁለት ነገር አስተውለዋል። አንደኛ፣ ቀጥታ ወደ ባለቤትየው አልሄዱም። ወንድማቸውን ወደ ጎን ጠሩ። ሁለተኛ፣ «ፍቀዱልን» አላሉም። «ጋሼ፣ እሑድ ይህ ነገር አለ፣ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ነው ያሉት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ነው። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ፈቃድ ሲጠይቁት እምቢ ማለት ጭካኔ፣ እሺ ማለት ደግሞ ሟቹን ማቃለል ይመስለዋል። ምክር ሲጠየቅ ግን የነገሩ ባለቤት ይሆናል።

ወንድምየው ለእህታቸው ነገሯቸው። እሳቸውም የሙሽሪትን እናት አስጠሩ። «ለማትሪክ ሂሳብ ያስጠናት እሱ ነው። ቀኑ አይነካ። ዘፈኑን ብቻ ከግቢ አውጡልኝ» አሉ። እናትየዋ «እሺ እትዬ» ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

የበኩር ልጁ እዚያው ክፍል ነበር። ምንም አልተናገረም። ሽማግሌዎቹም የእናትየውን ቃል የቤቱ ሁሉ ቃል አድርገው ተቀበሉት።

የዕቃው ነገር

በእድሩ ደንብ ለቅሶ ከሰርግ ይቀድማል። ድንኳኑና ወንበሩ ዓርብ ጠዋት ወደ ለቅሶው ሄዱ። ደጋሾቹ በገዛ እጃቸው ተሸክመው አቀበሉ። የሰርጉ ምሳ መኪና ማቆሚያው ላይ መሆኑ ቀርቶ ከኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ወዳለ ሌላ ግቢ ተዛወረ። እዚያ የኪራይ ድንኳን ተተከለ።

ድስቶቹ ግን እሳት ላይ ነበሩ። ለዶሮ ወጡ የተከተፈው ሽንኩርት በሁለቱ ትልልቅ ጎላዎች ሲቁላላ አድሯል። አንድ የኮሚቴ አባል «ደንብ ደንብ ነው፣ ገልብጡ» አለ። ዳኛው እምቢ አሉ። የሟች የድሮ ሰፈር እድር የራሱን ድስትና ሳህን ይዞ መምጣቱ አይቀርም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰም። ሁለት ቦታ መክፈሉ ብክነት ነው የሚሉ አሉ። በዚያ ቀን አልነበረም።

በሬው ሌላ ጣጣ ነበር። ለቅሶው ድንኳን አጠገብ ታስሮ ቅዳሜ ሊታረድ አይችልም። የድንኳኑ ጎረምሶች ራሳቸው ዓርብ ማታ ፈትተው ወደ ሌላው ግቢ ነዱት።

ቅዳሜ፦ የጎረቤቱ ጭንቀት

ሁለቱ ቤቶች ተስማምተዋል። የቀረው ሌላው ጎረቤት ነው። የብዙ ሰው ጥያቄ አንድ ነው። ሰርጉ ላይ ብገኝ ሐዘንተኞቹ ምን ይሉኛል? ብቀር ደጋሾቹ ምን ይሉኛል? ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ሳይቀሩ እርስ በርስ የሚጠያየቁት ይህንኑ ነበር። ሴቶቹማ ተከፋፍለዋል። ኮሙናል ውስጥ ወጥ የሚያማስሉት በድብቅ እንደሚሠሩ ዓይነት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት።

አንዲት ጎረቤት ቅዳሜ ከሰዓት ከለቅሶው ወጥታ ወደ ሙሽሪት ቤት ስትወጣ አይቻታለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ ቆመች። አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች አደረገች። ፊቷን በጫፉ ጠረገች። ከዚያ ወጣች። ስትመለስም እዚያው ቦታ ላይ መልሳ ገለበጠችው።

ጭንቀቱን የፈታው ማታ ላይ የሆነ ነገር ነው። የባለቤትየው ወንድም ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ለመጣው ሁሉ ምስጋና ካቀረቡ በኋላ «ነገ ሰርግ አለን» አሉ። «አላቸው» ሳይሆን «አለን» ነው ያሉት። «ከሠልስቱ በኋላ የተጠራችሁ ሂዱ፣ እኛን አክብራችሁ የምትቀሩት የለም» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ የተሰማው የእፎይታ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሽማግሌዎቹ ቢናገሩት፣ ወይም እኛ ግሩፑ ላይ ብንጽፈው ይህን አያደርግም ነበር። ከሐዘኑ ቤት አፍ መውጣት ነበረበት፣ ሰው ሁሉ እየሰማም።

አንዳንድ እናቶች ከዚህም በኋላ ሰርጉ ላይ አልተገኙም። ማንም አልጠየቃቸውም፣ መጠየቅም አልነበረበትም።

እሑድ፦ ደረጃው ላይ

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። ሐዘንተኞቹ ጠዋት ለሠልስቱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሙሽራው በዚያ መሃል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ ሙሽሪትን ይወስዳል። በር ላይ ሚዜዎችን መከልከል፣ ከበሮና ዘፈን ሁሉ እዚያ ሌላው ግቢ ይደረጋል።

ሙሽራው ዘግይቶ መጣ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እሱ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ነጠላ ለባሾች ግቢ መግባት ጀመሩ። ደረጃው ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያሳልፍም።

ሙስሊሙ ሽማግሌ ከጠዋቱ ጀምረው አንደኛ ፎቅ ላይ ቆመው ነበር። የሰርጉ ሰው ላይ ባለበት እንዲቆይ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ሐዘንተኞቹ አንድ በአንድ ገቡ፣ ባለቤትየውም ገቡ። በሩ ገርበብ አለ። ከዚያ ሙሽሪት ቬሏን ሰብስባ ወረደች። ዘፈንም እልልታም የለም፣ የጫማ ድምፅ ብቻ።

ሙሽሪት በበሩ ስታልፍ ገብታ ሴትየዋን ልትስም ፈልጋ ነበር። አክስቷ ክንዷን ይዛ አሳለፈቻት። ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ። የሙሽራ ልብስ ለብሶ ሠልስት ላይ መግባት ለገቢው ደስ ይላል፤ እዚያ ለተቀመጡት ዘመዶች ግን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያጠፋባቸዋል። መልሱ ካለፈ በኋላ ነጠላ አዘቅዝቃ መጥታ እስኪመሽ አብራቸው ተቀመጠች።

ይህ ሁሉ ከተሳካ በኋላ በር ላይ ተበላሸ። የአጀቡ መኪኖች ክላክስ ለቀቁ። ለሾፌሮቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስምምነቱን የሚያውቁት የሙሽሪት ወገኖች ናቸው፣ መኪኖቹ ግን የሙሽራው ወገን ናቸው። የበኩር ልጁ ከድንኳኑ ተነስቶ ወጣ። አጎቱ ደረቱን ይዘው አስቆሙት። የግቢው ጥበቃ ሮጦ የመጀመሪያውን መኪና መስታወት ሲያንኳኳ ዝም አሉ። ብዙም አልቆየም። ግን ሁሉም ሰምቶታል።

በኋላ የሆነው

ሰኞ የሙሽሪት አባትና ወንድሟ ወደ በኩር ልጁ ሄዱ። ሽማግሌ አላስቀደሙም። ወንድሟ ስለ መልእክቱ ይቅርታ ጠየቀ። የልጁ መልስ ለሁላችንም አስተማሪ ነበር፦ «ሰርጉ አይደለም ያቃጠለኝ፣ ክላክሱም አይደለም። ‹ሰዓት ይከበር› የምትለዋ ናት።» ከዚያ «ደግሞ እኔን የጠየቀኝ የለም» አለ።

ይህ ሁለተኛው ቃል እውነት ነው። ሆስፒታል ሆኖ አባቱን የሸኘው፣ ለዳኛው የደወለው፣ እናቱ እንድትተኛ ብሎ ሌሊቱን ብቻውን የተሸከመው እሱ ነው። ማታ ላይ ግን የተጠየቁት እናቱና አጎቱ ናቸው። በአርባው ቀን የሙሽሪት ወንድም ከሌሊቱ ጀምሮ ወንበር ሲሸከም ነበር። ዛሬ ሰላም ናቸው። እንደ ድሮው ናቸው ግን አልልም።

ለሌላ ግቢ የሚሆን

ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ደጋሾቹ መጀመሪያ አልቅሰው፣ ቀብረው፣ ከዚያ በሌላ ሰው አፍ ጠየቁ። ሰዓቱ አጭር ነው ብሎ ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ ያጓጓል። መልእክቱ የተበላሸው በዚህ ነው። ነፍስ ይማርና ፕሮግራም በአንድ መስመር አይጻፉም። መሥሪያ ቤትም ውስጥ ያው ነው። ባልደረባው ከሥራ የተቀነሰበት ቀን የዕድገት ደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ እሱ ጋ ሄዶ ይቀመጥ። ግብዣው ለሌላ ቀን ይቆይ፣ ጥሪውም ለብቻው ይምጣ።

ሐዘን ቤት ውስጥ ቃል የሚሰጥ አንድ ሰው አለ፤ የሚጎዳው ግን ብዙ ነው። ዝም ያለውን መፈለግ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሠራው እሱ ነው። ለብቻው ተጠርቶ «አንተስ?» ቢባል የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስምምነት ሲደረግ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የሌለው ማን እንደሆነ መታሰብ አለበት። ሾፌር፣ ዲጄ፣ ቪዲዮ አንሺ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሚዜ። ሁለቱ ቤቶች የተስማሙበትን የሚያፈርሰው ያልሰማው እንግዳ ነው።

እድራችን በቀጣዩ ስብሰባ ደንቡ ላይ ሦስት ነገር ጨመረ። ዕቃ የሚከራይ ደጋሽ ለቅሶ ከመጣ ድንኳንና ወንበር እንደሚመልስ አስቀድሞ ይፈርማል። እሳት ላይ የተጣደ ድስት አይነሳም፣ ለለቅሶው እድሩ ከሌላ ቦታ ይከራያል። ለአጀብ መኪኖች ከበር ውጭ የሚነግረው ጥበቃው ነው፣ ለዚህም አንድ የኮሚቴ አባል አብሮት ይቆማል። ሙዚቃ ለስንት ቀን ይዘጋ በሚለው ግን ስብሰባው አልተስማማም። ሰባት ቀን ያሉ ነበሩ፣ ሠልስት ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ቁጥር እንዳይጻፍ ተወሰነ። በእያንዳንዱ ለቅሶ ዳኛው የሐዘኑን ቤት ጠይቀው የሚሉትን ያሳውቃሉ፣ የበኩር ልጆቹንም ጨምረው።